ያላነበበ ያድምጥ

ውድ የደብረ ብርሃን አንባቢዎች፣ እንደምን ዋላችሁ? በዚህ ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ክበባችን መጀመሪያ ሲሰበሰብ አምስት ነበርን። መጽሐፉ ሁለት ቅጂ ብቻ። አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። መጽሐፉን ግን ገና ግማሹ ላይ አልደረስኩም ነበር! ማንም አልነቃብኝም። ጨርሳ ያነበበችው ልጅ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ፣ ትንፍሽ ሳትል ወጣች። በሳምንቱ ቀረች።

ስለ ግሬት ቡክስ ፋውንዴሽን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሰው አንብቦ እንዲወያይ የሚሠራ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ በ1947 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ተመሠረተ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ መሪ ሮበርት ሃቺንስና ፈላስፋው ሞርቲመር አድለር ናቸው ያቋቋሙት። ሁለቱ ቀደም ብለው፣ በ1943፣ የከተማዋን ባለሀብቶች ሰብስበው ያስነብቡ ነበር። ሰው በቀልድ «የወፍራሞቹ ክፍል» ይለው ነበር። የወፈረው ሆዱ ይሁን ኪሱ እናንተ ፍቱት። በ1948 ደግሞ ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት፣ ስለ ሶቅራጥስ ችሎት አወያዩ። የልጆቹ ፕሮግራም በ1962 ተከተለ።

እኔን የያዘኝ ደንባቸው ነው። ያላነበበ አይናገርም። ወሬው ከጽሑፉ አይወጣም፤ «እገሌ ስለዚህ መጽሐፍ እንዲህ ብሏል» አይሠራም። አወያዩ ይጠይቃል እንጂ አይመልስም። ያውም ራሱ ቁርጥ መልስ የሌለውን ነገር ነው የሚጠይቀው። ይህን ሳነብ ፊቴ ቀላ።

ለነገሩ የአብነት ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ሰው አይደንቀውም። አንድ ቃል ላይ ቆሞ «አንድም» እያሉ ሌላ ትርጉም መደርደርን እናውቃለን። ልክ አንድ ነው አልልም። አንድምታው ከመምህር ወደ ተማሪ ይወርዳል፤ የቺካጎው አወያይ የሚያወርደው ነገር የለውም። አንድ መስመር ላይ መቆየቱ ግን ያው ነው።

ደግሞ ጸሐፊ አላጣንም። ከተማችንን የቆረቆረው ዘርዓ ያዕቆብ በድርሰት ስሙ የሚነሳ ንጉሥ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከመርሐቤቴ፣ ከበደ ሚካኤል ከመንዝ ናቸው። እኛ ያጣነው አንብቦ የሚከራከር ሰው ነው።

ልጅቱን ቤቷ ድረስ ሄጄ ለመንኳት። ስትመለስ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይዛ መጣች፦ «ሰውየው ደብዳቤውን ሳያነብ ለምን ቀደደው?» አራት ሰው አራት ምክንያት አመጣ። ሁላችንም ወደ ገጹ ተመለስን። ሻዩ ቀዘቀዘ። ዘበኛው ቁልፉን እያቅጨለጨለ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ጥቂት አዳምጦ «ፈርቶ ነዋ!» አለ። እሱም አላነበበም፤ በደንቡ መሠረት ዝም አሰኘነው።

ዛሬ የምታወያየን እሷው ናት። ሁለቱ ገጽ እጃችሁ ላይ አለ። ያላነበበ ከኋላ ወንበር ይያዝ፤ የገብስ ቆሎ አስቀምጠንለታል።