ልጁን ከመውቀሳችን በፊት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ! ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ ነገር ላወራችሁ ነው፤ ስለ ልጆችና ስለ ወጣቶች ውፍረት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በፈረንጆቹ 1990 ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 19 ከሆኑት ውስጥ ከልክ ያለፈ ውፍረት የነበረባቸው 2 በመቶ ነበሩ። በ2022 ወደ 8 በመቶ ደረሱ። 160 ሚሊዮን ልጆች ማለት ነው! በ2025 ደግሞ ዩኒሴፍ እንዳስታወቀው፣ በዚህ የዕድሜ ክልል ከልክ ያለፈ ውፍረት በዓለም ደረጃ ክብደት ማነስን ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠው። 9.4 በመቶ ለ9.2።

እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ የምንለው ነው። «የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው፤ አፉን አይዝም።» እስቲ አስቡት። የሰው ዘረመል በ30 ዓመት አይለወጥም። በዘር የሚመጣው ነገር ማን ቶሎ እንደሚወፍር ሊወስን ይችላል፤ ይህን ሁሉ ጭማሪ ግን አያስረዳም። የየአገሩ ልጅስ ባንዴ ሰነፍ ሆነ? አይመስለኝም። የተለወጠው ዙሪያው ነው። አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ከ8 የሻይ ማንኪያ በላይ። ፈሳሽ ስለሆነ ደግሞ እንደ ምግብ አያጠግብም። ማስታወቂያው ስልኩ ድረስ ይከተለዋል። እንቅልፉ አጥሯል፤ እንቅልፍ ሲያጥር ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል። ለታዳጊዎች በቀን የሚመከረውን የ60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ከ10 ታዳጊዎች 8ቱ አያደርጉትም።

በነገራችን ላይ፣ የልጅ ክብደት በዓይን አይፈረድም። ሐኪም ከዕድሜውና ከጾታው ጋር አስተያይቶ ነው የሚለካው። ለአዋቂ የሚሠራው የውፍረት መለያ ቁጥር ለልጅ አይሠራም።

ማሳፈር ደግሞ ጭራሽ ያባብሰዋል። በክብደቱ የሚሾፍበት ልጅ ከስፖርት ይሸሻል፤ ተደብቆ ይበላል። ይህ ያመኛል፤ በጣም ያመኛል። ምክንያቱም ከሚያሾፉበት መካከል እሱን የሚወዱት ሰዎችም አሉበት።

ቺሊ በ2016 ሌላ መንገድ ጀመረች። ስኳር፣ ጨው ወይም ቅባት የበዛባቸው የታሸጉ ምግቦች ላይ ጥቁር ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ አደረገች፤ ምልክቱ ያለባቸው በትምህርት ቤት እንዳይሸጡም ከለከለች። ጥያቄውን ከልጁ አንስታ ወደ ሻጩ አዞረችው። ትክክል ናት እላለሁ።

ቤታችን ውስጥም እንደዚያው ነው። ለአንዱ ልጅ ለብቻው ሳህን አታቅርቡለት። ለስላሳው ከገበታው ይነሣ ካላችሁ፣ ከአባትም ከእናትም ፊት ይነሣ።