«ያቺን ነገር አትጻፋት»

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እኔ ራሴ ከፒያሳ በታክሲ ተነስቼ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ፣ አምባሳደር ጋ ስደርስ ወርጄ በእግሬ ነው የጨረስኩት።

የማወራችሁ ስለ ሴኩሪቲ ክሊራንስ ነው። እዚህ ክሊራንስ ስንል ከመሥሪያ ቤት ስትለቁ ከንብረት ክፍል እስከ ፋይናንስ እየዞራችሁ የምታስፈርሙት ወረቀት ነው። የአሜሪካው ሌላ ነው። የመንግሥት ምስጢር ያለበት ሥራ ላይ ለመግባት የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ዜጋ ላልሆነ በመደበኛው አይሰጥም፤ ስለዚህ ቪዛ ይዛችሁ ለምትሄዱት ገና ዓመታት ይቀራሉ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሐበሻ ግን አንድ ቀን ይገጥመዋል።

እኔ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሠርግ ስመለስ አሌክሳንድሪያ ላይ ጠጥቼ ስነዳ ተያዝኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ተፈረደብኝ፣ መንጃ ፈቃዴ ለአንድ ዓመት ታገደ፣ የአልኮል ትምህርቱን ጨረስኩ። ከ14 ዓመት በኋላ ክሊራንስ የሚጠይቅ ሥራ አገኘሁና ኤስኤፍ 86 የሚባለው ፎርም መጣ። ክፍል 22 ስለ ፖሊስና ፍርድ ቤት ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ ያለፉትን 7 ዓመታት ብቻ ነው የሚለው። ተገላገልኩ አልኩ! ዝቅ ስል ግን «መቼም ቢሆን» የሚል ጥያቄ አለ። ከባድ ወንጀል፣ መሣሪያ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት፣ ዕፅ፣ አልኮል።

ካዛንቺስ ያኔ ገና አልፈረሰም፤ እዚያ ለምትኖረው አክስቴ ደወልኩ። «አንተ ልጅ፣ ያቺን ነገር አትጻፋት፣ ማን ያየዋል?» አለችኝ።

ጻፍኩት። አሻራዬ እኮ ኤፍቢአይ ጋ አለ። መዝገቡ በፍርድ ቤት ቢሰረዝ እንኳ፣ ከጥቂት የዕፅ ጉዳዮች በስተቀር፣ ፎርሙ ጻፍ ይላል፤ ጠበቃው «ተሰርዞልሃል» ስላለው ባዶ ትቶት ያለፈ ሰው ጉድ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። አውቆ መዋሸት ደግሞ ራሱ ወንጀል ነው፣ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። የድሮው ጥፋት አርጅቷል፣ ውሸቱ ግን የዛሬ ነው።

ክሊራንስ ለማን እንደሚሰጥ ለመወሰን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2017 ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ 13 መመዘኛዎች አሉት፤ ወንጀል አንዱ ነው። «ይህን ያህል ዓመት ካለፈ ይቀራል» የሚል ቁጥር ግን አታገኙበትም። ስንት ጊዜ አለፈ፣ ተደግሟል ወይ፣ ከዚያ ወዲህ እንዴት ኖረ፣ ሥራውስ? ሰውየውን በሙሉ ነው የሚያዩት። እዚህ አሻራ ሰጥታችሁ ከፖሊስ እንደምታወጡት ማረጋገጫ፣ ወንጀል አለበት ወይ የለበትም ተብሎ አያልቅም። ከአንድ ዓመት በላይ ተፈርዶበት ቢያንስ አንድ ዓመት የታሰረ ሰው ግን፣ ከፍተኛ ምስጢር ወዳለባቸው ቦታዎች ለመግባት በልዩ ሁኔታ ካልተፈቀደለት በሩ ዝግ ነው።

መርማሪዋ ስትመጣ «ስንት ቢራ ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። የትምህርቱን ሰርተፊኬት 14 ዓመት ሙሉ በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጬው ነበር፤ አውጥቼ ሰጠኋት፣ አገላብጣ አየችው፣ ኮፒ ጠየቀችኝ። ከወራት በኋላ ክሊራንሱ መጣ።

አክስቴ ይችውና፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት፣ ነጠላ ያጣፋችው። እስካሁን «ባትጽፈውም ይሰጡህ ነበር» ትላለች።