ናይስ ከየት መጣች?

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ?

የእንግሊዝኛ ክበቡ ስለ ቃላት እንድናገር ሲጋብዘኝ ከባድ ቃል አልፈለግኩም። «ናይስ»ን መረጥኩ። እዚህ ደሴ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ፒያሳ ናይስ የማይባል ነገር የለም። ጫማው ናይስ፣ ማኪያቶው ናይስ፣ ልጁም ናይስ!

ድሮ ግን እንዲህ አልነበረችም። ሥሯ «ኔስኪዩስ» የሚባል የላቲን ቃል ነው። «ስኪሬ» ማወቅ ነው፤ «ኔ» ደግሞ ማፍረሻ። ሲገጠሙ «የማያውቅ» ይሆናሉ። ቃሏ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ስትገባ ሰውን ናይስ ማለት ጅል ማለት ነበር። ደግሞ «ሳይንስ»ም ከዚሁ ከስኪሬ ነው የወጣው። ዘመዳሞች ናቸው! «ኮንሸስ» (የነቃ፣ የሚያውቅ) እና «ኮንሸንስ» (ሕሊና)ም እንደዚሁ። አንድ ሥር ስትይዙ ብዙ ቃል ትይዛላችሁ፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ከጅልነት ወጥታ ዓይን አፋር ሆነች። ቀጥላ ነገር የሚያበዛ፣ መራጭ የሚባለው ሰው መጠሪያ ሆነች። መራጭ ሰው ጥቃቅኑን ይለያል፤ ስለዚህ «ጥንቁቅ፣ ረቂቅ» የሚል ትርጉምም አገኘች። «ደስ የሚል» ማለት የሆነችው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የቀድሞው ግን ጨርሶ አልጠፋም። ዛሬም ጠጠር ያለ ጽሑፍ ላይ «ናይስ ዲስቲንክሽን» ብታዩ «ቆንጆ ልዩነት» ብላችሁ እንዳትተረጉሙ። ለመለየት የሚያስቸግር ረቂቅ ልዩነት ማለት ነው።

የወሎ ልጅ በዚህ አይገረምም። አብሽር አለን አይደል? በዓረብኛ «የምሥራች፣ ደስ ይበልህ» ነው። እኛ ግን ፈተና የወደቀውንም፣ ያዘነውንም፣ መኪና ያመለጠውንም አብሽር እንላለን። «አይዞህ» ሆኗል፤ አሁንማ አዲስ አበባም ለምዶታል። አንድ ዓረብኛ አዋቂ መጥቶ «በሐዘን ላይ የምን የምሥራች ነው?» ቢለን እንስቅበታለን እንጂ አንተወውም። ስለዚህ እናንተም ናይስ ያላችሁን ሰው «ጅል አለኝ» ብላችሁ እንዳትጣሉ። ቃል ዛሬ የሚለውን የሚወስነው የዛሬ ተናጋሪ ነው።

ትልልቅ መዝገበ ቃላት የቃሉን መነሻ ከትርጉሙ ጋር ይጽፋሉ። ብዙዎቻችን ግን ዘለነው እናልፋለን። ለሚቀጥለው ስብሰባ «ሲሊ»ን ፈልጋችሁ ኑ። የእሷ ጉዞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ድሮ ደስተኛና የተባረከ ማለት ነበረች፣ ዛሬ ቂላቂል ሆናለች። መሐል ላይ ምን እንደደረሰባት ያገኘ ቡድን መድረኩን ቀድሞ ይይዛል።

አመሰግናለሁ።