«ደህና ነኝ» የምትለው ካርድ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ፖስታ ካርድ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይና በቤልጂየም ምሽጎች የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች «ዊዝባንግ» ይሏት ነበር።

ስሙ መጀመሪያ የጀርመን 77 ሚሊሜትር መድፍ ጥይት ነው። ከድምፅ ስለሚፈጥን ፉጨቱ («ዊዝ») እና ፍንዳታው («ባንግ») እኩል ሊባል በሚችል ጊዜ ይደርሳሉ፤ መሬት ላይ ለመተኛት እንኳ ፋታ አይሰጥም። ካርዷም እንዲሁ በቅጽበት ታልቃለች።

ዓረፍተ ነገሮቹ አስቀድመው ታትመዋል፦ ደህና ነኝ፤ ሆስፒታል ገብቻለሁ፤ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ደብዳቤ ካገኘሁ ቆይቷል። ወታደሩ የማይፈልገውን ይሰርዛል፣ ቀን ጽፎ ይፈርማል። መሰረዝ ከረሳ ደህናም ሆስፒታልም ይሆናል። አንዲት ቃል ከጨመረ ደግሞ ካርዷ ትወገዳለች፤ ማስጠንቀቂያው ራሷ ላይ ታትሟል። «ናፍቀሽኛል» ማለት እንኳ አይቻልም።

እኔን የሚከብደኝ የሆስፒታሉ መስመር ነው። ታምሜ ወይም ቆስዬ ብሎ ይመርጣል፤ ከዚያ የቀረው «እየተሻለኝ ነው» ወይም «ቶሎ እንደምወጣ ተስፋ አለኝ» ብቻ ነው። ለባሰበት ሰው መስመር የለም። እኛም «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» የሚል ደብዳቤ እናውቃለን፤ የእኛው ግን ከሰላምታው በኋላ ይቀጥላል።

መደበኛ ደብዳቤም ይጻፍ ነበር፤ ግን ከመላኩ በፊት የገዛ አለቃው መኮንን ያነበዋል። ባል ለሚስቱ ምን ብሎ ይጻፍ? በ1915 እ.ኤ.አ. አረንጓዴ ፖስታ መጣ። ወታደሩ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ እንደጻፈ በክብሩ አረጋግጦ ይፈርማል፤ አለቃው አይከፍተውም፣ ከኋላ ባለው ጣቢያ ግን ሊፈተሽ ይችላል።

የእንግሊዝ ወታደሮች አገር ቤታቸውን «ብላይቲ» ይሉት ነበር። ቃሉ ከዐረብኛው «ዊላያ» ተነስቶ፣ በኡርዱ «ዊላያቲ» ሆኖ፣ ህንድ ባገለገሉ ወታደሮች አፍ የገባ ነው። ሳይገድል ወደ አገር የሚያስመልስ ቁስልም «ብላይቲ» ነው። ሰው እንዲህ ያለ ቁስል ሲመኝ የምሽጉን ኑሮ ከዚያ ገምቱት።

ከሁሉ የሚገርሙኝ ግን በእንግሊዝ ጦር ስር የተዋጉት የህንድ ወታደሮች ናቸው። ብዙዎቹ መጻፍ ስለማይችሉ ለጸሐፊ እየነገሩ ያጽፋሉ፤ ከዚያ ደብዳቤውን የሚመረምረው ሳንሱር አለ። ስለዚህ በበርበሬ ተናገሩ። ቁንዶ በርበሬው ህንዳዊው፣ ቀይ በርበሬው እንግሊዛዊው ነው። ቁንዶ በርበሬው አለቀ፣ አሁን ቀዩ እየተነካ ነው ብለው ለቤተሰብ ይልካሉ። ሳንሱሮቹ ገባቸው፤ ተርጉመው በየሪፖርታቸው ገለበጡት። ዛሬ የምናነበውም ያንኑ ግልባጭ ነው።