ፊደል የቆጠረ ልጅም ይነበብለት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ የዛሬው ቀን ባለቤት የሆናችሁ ልጆቻችን፣

በዚህ የትምህርት ዘመን መዝጊያ ላይ ወላጆችን ወክዬ ምስጋና እንዳቀርብ ነበር የተጠየቅሁት። መምህራኖቻችን፣ ለድካማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። የቀረችኝን ጊዜ ግን ሳብሰለስለው ለከረምሁት ጉዳይ ላውላት።

ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ለ7 ዓመት ልጄና ለ5 ዓመት እህቱ «ሆቢት» የተሰኘውን የቶልኪንን ልብ ወለድ ማታ ማታ አነብላቸዋለሁ። የያዝሁት መጽሐፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ቀን አንድ ሁለት ገጽ አይቼ ማታ በአማርኛ እመልሰዋለሁ። 5ኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ በሰፈራችን በማራኪ መብራት ጠፋ፤ ሻማ ለኩሰን ቀጠልን። ባለታሪኩ ቢልቦ ከተራራ ሥር በጨለማ ጠፍቶ፣ ጎለም ከሚባል ፍጥረት ጋር እንቆቅልሽ የሚጫወተው እዚያ ላይ ነው፤ ከረታ መውጫውን ያሳየዋል፣ ከተረታ ይበላዋል። ድምፄን አሻክሬ «እንቆቅልሽ» ስል ሁለቱም ሳልነግራቸው «ምን አውቅልሽ!» አሉ። የጥርሱን እንቆቅልሽ ልጄ ከጎለም ቀድሞ ፈታው። በኋላ ቢልቦ መልስ ጠፍቶት ሲጨነቅ ግን ትንሿ ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ «እማዬ፣ ለምን አገር አይሰጠውም?» አለችኝ። «የቱን አገር ይስጠው?» አልኋት። ብዙ አሰበችና «ደባርቅን ይስጠው፤ ጎንደርንማ አይስጠው» አለች። ወርቅ ላይ ስለተኛው ዘንዶ ስነግራቸውም፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚወጋው እሱ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ይህን በደስታ ያጫወትሁት አንድ መምህር፣ «ልጁ ፊደል ለይቷል፣ ራሱ ያንብብ፤ ደግሞስ ተረት ፈተና ላይ አይመጣም» አለኝ። ልጄ ብቻውን ሲያነብ ጣቱን በየፊደሉ ላይ እያስኬደ ስለሆነ፣ አራት ነጥቡ ጋ ሲደርስ የዓረፍተ ነገሩን መነሻ ረስቶታል። ጆሮው ግን ዓይኑን በብዙ ዓመት ይቀድማል፤ ዓይኑ ገና የማይዘልቀውን ረጅም ታሪክ በጆሮው ይከተላል። «ሆቢት» በ1937 እ.ኤ.አ. ከመታተሙ በፊት ረቂቁን የገመገመው የአሳታሚው የ10 ዓመት ልጅ ነበር፤ እሱም ከ5 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች እንደሚስማማ ጻፈ። 19 ምዕራፍ በ5 ዓመቱ ብቻውን የሚያነብ ልጅ ከመካከላችን ማን አለው? አያቶቻችን ምድጃ ዳር «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» ብለን የተቀበልነው ፈተና ላይ ስለሚመጣ ነበርን? ልጅ ፊደል ስለለየ ከእናቱ ጉያ ይውጣ ያለው ማን ነው?

እንግሊዝኛ የማታነቡ ወላጆች አትስጉ፤ በአማርኛ የተጻፈ የተረት መጽሐፍ ይበቃል። አባቶችም አንብቡ። የሚያስፈራውን ቦታ አትዝለሉት፤ አጠገባቸው ናችሁ።

ከትምህርት ቤቱ የምጠይቀው፣ በመጪው ዓመት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ላሉት በሳምንት አንድ ቀን 20 ደቂቃ ለንባብ እንዲፈቅድልን ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ አነባለሁ፤ ተረኛ የምትሆኑ ወላጆች ስትወጡ በሩ ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ። አሁን ግን ቀድሜ እወጣለሁ፤ 12ኛው ምዕራፍ ላይ ነን፣ ማታ ዘንዶው ይነቃል፣ እኔም ገና አልተዘጋጀሁም።

አመሰግናለሁ።