ሮኬቱን ያሰናከሉ እጆች

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ርዕሴ ሮኬት ነው። ሮኬት ስለሚያስወነጭፉ ሰዎች ግን አልናገርም። ስለ እነሱ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ተወርቷል። እኔ የማወራችሁ ሮኬቱ እንዳይነሳ፣ ቢነሳም ያሰቡለት ቦታ እንዳይደርስ ነፍሳቸውን ስለሰጡ ሰዎች ነው። ከውጭ ሰርገው የገቡ ኮማንዶዎች አልነበሩም። ፈንጂ የላቸውም፣ ሽጉጥ የላቸውም። ሮኬቱን የሚሠሩት ራሳቸው ነበሩ። እስረኞች ናቸው።

ከመቀጠሌ በፊት፣ የምጠራቸው ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ነገሩ የሚጀምረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ሰሜን ጀርመን ውስጥ፣ ባልቲክ ባሕር ላይ ባለችው ኡዘዶም ደሴት ነው። እዚያ ፔነሙንደ የሚባል የጦር ሠራዊት የሮኬት ምርምር ጣቢያ ነበር። የቴክኒክ ኃላፊው ወጣቱ ቨርነር ፎን ብራውን ነው። ኦክቶበር 3 ቀን 1942 እነ ፎን ብራውን የሠሩት ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ በረረ። በኋላ ዓለም ያወቀው ቪ-2 በሚለው ስሙ ነው። ቁመቱ 14 ሜትር፣ ክብደቱ ነዳጁን ሲሞላ 13 ቶን ይጠጋል። የሚነደው አልኮልና ፈሳሽ ኦክስጅን ነው። ሞተሩ የሚሠራው ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በዚያች አንድ ደቂቃ ግን አንድ ቶን የሚጠጋ ፈንጂ የተጫነበትን አፍንጫ ይዞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ጉልበት ያገኛል። ሲወርድ ፍጥነቱ ከድምፅ ይበልጣል። ስለዚህ ሕዝቡን የሚያስጠነቅቅ ሳይረን አይረዳም። መጀመሪያ የሚሰማው ፍንዳታው ነው። የሮኬቱ ድምፅ ከኋላ ይመጣል።

በፔነሙንደ አካባቢ ከተያዙ አገሮች እየታፈሱ የመጡ የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ። ያዩትን በድብቅ ወደ ውጭ ያወጡ ነበር። እንግሊዞች ከእነሱም ከሌላም ያገኙትን መረጃ አሰባስበው ኦገስት 17 ለ18 አጥቢያ 1943 ወደ 600 የሚጠጉ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ላኩ። የሚያሳዝነው፣ ከቦምቡ የተወሰነው ያረፈው እነዚሁ የውጭ ሠራተኞች በሚያድሩበት ትራሰንሃይደ በሚባለው ካምፕ ላይ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩት እዚያው አለቁ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ናዚዎች ፋብሪካውን ከመሬት በታች ለማስገባት ቆረጡ። በአስረኛው ቀን፣ ኦገስት 28፣ የመጀመሪያዎቹ 107 እስረኞች ከቡኸንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ ተጭነው መጡ። የመጡት ጀርመን መሃል፣ ኖርድሃውዘን ከተማ አጠገብ ወዳለው ኮንሽታይን ተራራ ነው። ተራራው ውስጥ ቀድሞ ለነዳጅ ማከማቻ የተቆፈሩ ዋሻዎች ነበሩ። ሁለት ረጃጅም ዋሻዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በመካከላቸው እንደ መሰላል እርከን አጫጭር ዋሻዎች ያገናኟቸዋል። ፋብሪካው ሚተልቨርክ ተባለ። የእስረኞቹ ካምፕ ዶራ።

የመጀመሪያውን ክረምት እስረኞቹ እዚያው ዋሻው ውስጥ አደሩ። አንዱ ፈረቃ ሲነሳ ሌላው በዚያው አልጋ ላይ ይጋደማል። ከጎናቸው ቀንና ሌሊት ድንጋይ በድማሚት ይፈርሳል። አቧራው ሳንባ ይሞላል። የሚታጠቡበት ውኃ የለም። መጸዳጃቸው ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ነው። ፀሐይ የሚያዩት ለቆጠራ ሲወጡ ብቻ ነበር። መሥራት ያቃታቸውን 3,000 ሕሙማን በሦስት ዙር ጭነው ወደ ማይዳኔክና ወደ በርገን ቤልሰን ካምፖች ላኳቸው። እንዲድኑ አይደለም የላኳቸው። ከሶቪየት ኅብረት፣ ከፖላንድ፣ ከፈረንሳይና ከሌሎችም አገሮች በድምሩ 60,000 ያህል ሰው በዶራና በቅርንጫፎቹ አለፈ። ከሦስቱ አንዱ፣ ማለትም ወደ 20,000 ሰው፣ ሞተ።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ናቸው ሮኬቱን ለማሰናከል የተነሱት። ተርበዋል፣ ታመዋል፣ ቋንቋቸው አይገጥምም። ጆሮ ጠቢ በመካከላቸው ተሰግስጓል። እስቲ ምን ማድረግ ይችላሉ?

ይህን እናንተ ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። ዋሻው ውስጥ አንድ ሽቦ በጥሶ መሄድ ሞኝነት ነው። ፍተሻ ላይ ይታያል። ሽቦው ይቀየራል፣ ሰውየው ይሰቀላል። የሚጠቅመው ፍተሻውን የሚያልፍ፣ በረራውን ግን የማያልፍ ብልሽት ነው። ለምሳሌ ብየዳን ውሰዱ። ላዩን ያማረ፣ ውስጡን ግን ያልያዘ ብየዳ። ቁጭ ባለ ሮኬት ላይ ምንም አይሆንም። ፈሳሽ ኦክስጅን ሲሞላበት ግን ብረቱ ከዜሮ በታች እስከ 183 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል። ሞተሩ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ያ ብየዳ ይለቃል። ብሎንም እንደዚያው ነው። አንድ ዙር ያነሰች ብሎን በዓይን አትለይም። ከካምፑ የተረፉ ሰዎች ሌላም ተናግረዋል። በኤሌክትሪክ ዕቃዎች ላይ ሽንታቸውን ይሸኑ ነበር። እርጥበቱና ጨዉ ቀስ ብሎ ይበላቸዋል። ደህናውን ዕቃ የተበላሸ ነው ብለው ይጥላሉ። የአንድ ሰዓቱን ሥራ ሦስት ሰዓት ያደርጉታል።

ይህ ዓይነቱ አሻጥር ሙያ ይጠይቃል። የቱ መጋጠሚያ ጫና እንደሚበዛበት፣ ተቆጣጣሪው የት የት እንደሚያይ፣ የት እንደማያይ ማወቅ ያስፈልጋል። ናዚዎች ባለሙያ እስረኛ ሲፈልጉ በያጅ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ መካኒክ እየመረጡ ያመጡ ነበር። ሮኬቱን የሚሠራላቸው ሙያ ሮኬቱን ማሰናከልም ያውቅ ነበር። እኔ ይህን ሳስብ እነዚያን ሰዎች የማከብራቸው በድፍረታቸው ብቻ አይደለም። በችሎታቸውም ነው። ቀኑን ሙሉ በደካማ ሰውነት ቆመው፣ ከአጠገባቸው ዱላ የያዘ አለቃ እያለ፣ እጃቸው በስሌት ይሠራ ነበር።

ካምፑ ውስጥ ስውር ድርጅትም ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ አልበርት ኩንትስ የሚባል ጀርመናዊ ኮሚኒስት ነው። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙበት ከ1933 ጀምሮ ከእስር ወደ እስር ሲገላበጥ የኖረ ሰው ነው። በ1944 መጨረሻ ጆሮ ጠቢዎች ያመጡት ወሬ ተጠራቅሞ አፈሳ ተጀመረ። ኩንትስ ተያዘ። በጃንዋሪ 1945 በምርመራ ላይ እያለ ገደሉት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመናገር ይከብደኛል፤ ግን መነገር አለበት። ዋሻው ውስጥ የሮኬት አካል የሚያነሳ ክሬን ነበር። ያንን ክሬን መስቀያ አደረጉት። የተከሳሾቹን እጅ ወደ ኋላ ያስራሉ። እንዳይጮኹ አፋቸው ውስጥ እንጨት ይሸጉጣሉ። ከዚያ ሞተሩን ያስነሱና በርካታ ሰው በአንድ ጊዜ ቀስ ብለው ወደ ላይ ያነሳሉ። አስከሬኖቹ ሳይወርዱ ይቆያሉ። ፈረቃ የሚቀይሩት እስረኞች ከአስከሬኖቹ በታች እንዲያልፉ ይገደዳሉ። በማርች 1945 በአንድ ቀን ብቻ ከ50 በላይ ሰው እንዲህ ተሰቅሏል። አብዛኞቹ የሶቪየት ዜጎች ነበሩ።

ሁሉም አሻጥር የሠሩ ነበሩ ማለት ደግሞ አይደለም። ከቁርጥራጭ ብረት ለራሱ ማንኪያ የሠራ እስረኛ አሻጥር ሠርቷል ይባል ነበር። ከወዳደቀ ቆዳ ቀበቶ የቆረጠም እንዲሁ። ድካም ያንገዳገደውና ዕቃ የሰበረም እንዲሁ። በዚህ የተነሳ ትንሽ ብሎን የሚያላላ ሰው ከባድ ሒሳብ ነበረበት። ቢታወቅ የሚሰቀለው እሱ ብቻ ላይሆን ይችላል። በጎኑ የቆመው፣ ምንም የማያውቀው ሰው አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሩቅ ከተማ ያለ የማያውቀው ሕፃን አለ። አጠገቡ ደግሞ ባልንጀራው አለ። ይህን የመሰለ ምርጫ ለማንም አይስጥ። አላደረግንም ባሉት ላይ ለመፍረድም እኔ አፌ አይደፍርም።

ታዲያ ሥራቸው ውጤት አመጣ ወይ? በዋሻው 6,000 ያህል ሮኬት ተሠርቷል። የተተኮሰው ከ3,000 ጥቂት ይበልጣል። ከሴፕቴምበር 1944 ጀምሮ በዋናነት ለንደንና የቤልጂየሟ አንትወርፕ ናቸው የተመቱት። ዲሴምበር 16 ቀን 1944 አንድ ሮኬት አንትወርፕ ውስጥ ሬክስ በሚባል ሲኒማ ቤት ላይ ወድቆ 567 ሰው ገደለ። አንድ ሮኬት ብቻ ነው ይህን ያደረገው። ስለዚህ እያንዳንዷ የከሸፈች ሮኬት ምን ማለት እንደነበረች አስቡት።

ከዋሻው የወጡት ሮኬቶች ብዙ ችግር ነበረባቸው። መነሻው ላይ የሚፈነዱ፣ አየር ላይ የሚበታተኑ፣ አቅጣጫ ስተው የሚጠፉ ነበሩ። ከዚህ ብዙው የዲዛይን ችግር ነበር። ሮኬቱ ገና ሳይበስል በችኮላ ወደ ምርት የገባ ነው። የእስረኞቹ ድርሻ የቱ ጋ ጀምሮ የቱ ጋ እንደሚያበቃ ለይቶ መቁጠር አይቻልም። 14 ሜትር ብረት ሰማይ ላይ ሲበታተን የትኛዋ ብሎን ቀድማ እንደለቀቀች ማን ይመሰክራል? የተሳካ አሻጥር አሻራ የለውም። እስረኛውን ከገመድ ያዳነው ይኸው ነው። ስሙን ከታሪክ ያስቀረውም ይኸው ነው።

ወደ ፔነሙንደ ለአፍታ ልመልሳችሁ። ፋብሪካው ቢሄድም የሙከራ ጣቢያው እዚያው ነበር። አየር ማረፊያውም፣ እስረኞችም ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ሚኻኢል ዴቭያታዬቭ የሚባል የሶቪየት ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነው። ጁላይ 1944 ተመትቶ የተማረከ ነው። ማንነቱን ደብቆ፣ በሌላ ሰው ስም ነበር የሚኖረው። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1945 እሱና ዘጠኝ ጓደኞቹ ጠባቂያቸውን ገድለው፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኞች ምሳ ላይ ባሉበት ሰዓት ሃይንክል 111 ቦምብ ጣይ ውስጥ ገቡ። ሰውየው እንዲህ ዓይነት አውሮፕላን አብርሮ አያውቅም። መጀመሪያ ሊነሳ ሞከረ፣ አልተነሳለትም። አዙሮ ተመለሰ። ወታደሮች እየሮጡ ናቸው። ሁለተኛ ሞከረ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ አልስተካከል ሲለው ጓደኞቹ መሪውን አብረውት በጉልበት ገፉ። ተነሳ! የራሳቸው ወገን ፀረ አውሮፕላን መድፍ ጭምር እየተኮሰባቸው ሶቪየት በያዘችው መሬት ላይ ወረዱ። ስለ ሮኬት ጣቢያው ያየውን ተናገረ። ግን ያኔ የተማረከ ወታደር ለአገሩም ተጠርጣሪ ነበርና ደስታው አልቆየም። አብረውት ካመለጡት ብዙዎቹ ወደ ግንባር ተመልሰው ጦርነቱ ሳያልቅ ሞቱ። እሱ የሶቪየት ኅብረት ጀግና የተባለው በ1957 ነው።

የዶራም መጨረሻ መራራ ነበር። ኤፕሪል 1945 አሜሪካኖች ሲቃረቡ እስረኞቹን በባቡርና በእግር አስወጧቸው። ጋርደሌገን በምትባል ከተማ አጠገብ ኤፕሪል 13 ቀን ከአንድ ሺህ በላይ እስረኞችን ጎተራ ውስጥ ዘግተው አቃጠሏቸው። አብዛኞቹ ከዶራ ቅርንጫፎች የመጡ ነበሩ። አሜሪካኖች ኖርድሃውዘን የገቡት ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 11 ነው። ከዋሻው ወደ 100 ሮኬት የሚሆን ዕቃ ጭነው ወሰዱ። መሐንዲሶቹንም ወሰዱ።

ፎን ብራውን ኦገስት 15 ቀን 1944 የጻፈው ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው ባለሙያ እስረኞች ለመምረጥ ራሱ ቡኸንቫልድ ሄዶ እንደነበረ ይናገራል። ይህ ሰው በኋላ አሜሪካ ውስጥ በ1969 ሰውን ወደ ጨረቃ ያደረሰውን የሳተርን 5 ሮኬት ሥራ መርቷል። በሚተልቨርክ የምርት ኃላፊ የነበረው አርተር ሩዶልፍም የሳተርን 5 ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። በ1947 ዳካው ላይ በተካሄደው የዶራ ችሎት 19 ሰዎች ተከሰው አንድ ብቻ በሞት ተቀጣ። ሩዶልፍ የተጠየቀው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። በ1984 የአሜሪካ ዜግነቱን መልሶ ወደ ጀርመን ሄደ። ፍርድ ቤት ግን አልቀረበም።

መምህራን፣ ለእናንተ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ ፈሳሽ ነዳጅ ሞተር ስታስተምሩ ቪ-2ን መጥራታችሁ አይቀርም። መጥራትም አለባችሁ፤ ያለ እሱ ትምህርቱ ይጎድላል። በዚያው ክፍለ ጊዜ፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ ዶራን ጻፉልኝ። ለሌላ ቀን አታቆዩት። የታሪክ መምህር ያስተምረው አትበሉ። ከፎን ብራውን ስም አጠገብ የአልበርት ኩንትስን ስም አስቀምጡ። ስማቸው ያልተመዘገበው በያጆች ምን እንዳደረጉም ለልጆቹ በቴክኒክ ቋንቋ አስረዷቸው። ብየዳው እንዴት ፍተሻ እንዳለፈ፣ ለምን በረራ ላይ እንደለቀቀ ንገሯቸው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።