የእማዬ ጫማ

እሺ። እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው።

ባለፈው "በሚቀጥለው ስለ እንቅልፍ አወራለሁ" ብያችሁ ነበር። እንቅልፍ ይቆየን። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ይመላለሳል። እሱን ሳልተነፍስ ሌላ ወሬ አይወጣኝም።

ማሙሽ እማዬን ከቤት አባረራት።

ሳቁ፣ ችግር የለም። ለአዲሶቻችሁ፦ ማሙሽ ታላቅ ወንድሜ ነው። ዳውን ሲንድሮም አለበት፤ አብሮት የተወለደ ነው፣ ነገር መረዳትና መናገር ላይ ዝግ ያደርገዋል። የጫማውን ነገር ታውቃላችሁ። እንግዳ ሲሰለቸው ዝም ብሎ ይነሳና የሰውየውን ጫማ ከበሩ አምጥቶ እግሩ ስር ያስቀምጥለታል። አይቆጣም፣ አይናገርም። ጥንዱን አስተካክሎ፣ ጫፉን ወደ በሩ አዙሮ ይመለሳል። እኔን ብቻ ስንቴ እንደሸኘኝ! እማዬን ግን አንድ ቀን እንኳ አድርጎባት አያውቅም። በ41 ዓመቱ።

ያ ማክሰኞ ሰው የመጣልን ቀን ነው። "ሪስፓይት" ይሉታል። እኔ "እፎይታ" ነው የምለው፤ እማዬ "ያ ልጅ"። የሠለጠነ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ ለጥቂት ሰዓት ይተካሻል፣ አንቺ ትወጫለሽ። ማሙሽ ከወንበሩም ከሬዲዮኑም አይነቀልም። በቃ ይሄው ነው። ይሄን ለማስረዳት ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። "ልጄን ለሰው ጥዬ የት ልሂድ?" ነው መልሷ። የት እንደምትሄድ እኔም አላውቅም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ከዋዜማው ጀምሮ ለልጁ ደብተር ስትጽፍ አመሸች። ስድስት ገጽ። የታይሮይድ ኪኒኑ ጠዋት በባዶ ሆድ። "ውሃ" ካለ ጠምቶት አይደለም፣ ደክሞኛል ማለቱ ነው። ቢጥለው በጎኑ አስተኛው፣ አፉ ውስጥ ምንም እንዳትከት፣ ሰዓት ያዝ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ጥራ። "እማዬ፣ ጥሎት አያውቅም እኮ!" አልኳት። "ዛሬ ቢጀምርስ?" አለችኝ።

አራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ "በግራ ጆሮው በደንብ አይሰማም፤ በቀኝ በኩል ሆነህ አናግረው" ይላል።

እኔ አላውቅም ነበር። እህቱ ነኝ። ዕድሜ ልኬን በየትኛው በኩል ሳወራው እንደኖርኩ… እሺ፣ እሱን እንለፈው።

ልጁ መጣ። ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ቦርሳውን በሩ ጋ አስቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ እማዬን ሰላም አለ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ማሙሽ ሄደ፣ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለና "እንዴት አሉ? ምን ብዬ ልጥራዎት?" አለው።

ማሙሽ ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

ከኋላው ግድግዳ ነው ያለው። ማንን እንደሚያናግር ሊያይ ነው የዞረው። እንደዚያ ብሎት የሚያውቅ ሰው የለማ! ጢሙ ላይ ሽበት አለ፣ የሰፈር ሕፃን ሁሉ "አንተ" ይለዋል። እኔ ታናሹ ሆኜ "ማሙሽ" ነው የምለው። ጋሼ ልለው የሚገባኝ ሰውዬ።

እማዬ ወዲያው "ኧረ አንተ በለው! ልጅ እኮ ነው" አለች። ልጁ "እሺ እማማ" አለ፣ በትህትና። ዞረና ደገመው። "ምን ብዬ ልጥራዎት?"

ዝም። ረጅም ዝምታ። ልመልስለት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ማሙሽ ስሙን ተናገረ። እውነተኛ ስሙን፣ ከነአባቱ። ያንን ስም ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ሐኪም ቤት፣ ካርድ ሲጠራ ነው። በራሱ አፍ ሲለው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ። በሩ ጋ ሄደ። የልጁን ጫማ የሚያመጣ መስሎኝ "አለቀልን" አልኩ በልቤ። አልፎት የእማዬን ጥቁር ጫማ አነሳ። እግሯ ስር አስቀመጠው። ጫፉን ወደ በሩ አዞረው። ግራው ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ገፋ አድርጎ አስተካከለው።

ያቺ ገፋ ያደረጋት ነገር ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። (እነሆ፣ እንቅልፍም ገባበት።) ያባረረ ሰው ጫማ ያስተካክላል? አንዳንዴ ሳስበው "ሂጂልኝ በቃ" ነው ያላት። ሌላ ጊዜ "ሂጂ፣ አታስቢ" ይመስለኛል። ፊቱን ስለማስታወስ ልምልላችሁ አልችልም። ያየሁት የእማዬን ፊት ነው።

ወጣን። መንገድ ስንሻገር ግራ እጇን ሳታይ ዘረጋችና ክንዴን ከክርኔ ከፍ አድርጋ ጨበጠች። እኔን አይደለም የያዘችው፣ ገብቷችኋል። ተሻግረን እንኳ አልለቀቀችኝም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አራት ሰዓት ሙሉ የራሷ ነው። ሰዓቷን እያየች ጨረሰችው። ጨረሰችው ማለቴ… በሁለት ሰዓት ውስጥ ተመልሰናል።

ማሙሽ ሬዲዮ ያዳምጣል። ልጁ አጠገቡ፣ በቀኝ በኩል፣ ተቀምጧል። ማሙሽ አየን፤ "መጣችሁ?" እንደሚል ሰው ራሱን ነቀነቀ፣ ተመልሶ ወደ ሬዲዮው። አለቀ። ማልቀስ የለ፣ መናደድ የለ።

በሚቀጥለው ሳምንት እማዬ ሰረዘችው። "በጣም አለቀሰብኝ እኮ" አለችኝ በስልክ። እኔ እዚያው ነበርኩ! አላለቀሰም። ግን "አላለቀሰም" አላልኳትም። "እሺ" ነው ያልኩት።

ከእናንተ ብዙ መልእክት ይደርሰኛል፣ "ጀግና እናት አለችሽ" የሚል። ታመሰግናለች። ግን ልንገራችሁ፣ ጀግና ሲሏት ደስ አይላትም። እኔም አይለኝም። ጀግና ከተባለች ማንም አያግዛትም። አንዷ ደግሞ "ይሄ እፎይታ ምናምን የምትይው ቅንጦት ነው" ብላኛለች። እህቴ፣ በክፉ አልወሰድኩትም፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ውስጥ አለ። አንቀጽ 28። ያውም በድህነት የሚኖሩ ቤተሰቦችን መንግሥት ማገዝ አለበት የሚለው ቦታ ላይ። ቅንጦት ቢሆን እዚያ ምን ይሠራል? ይሄን ለእማዬም ነግሬያት ነበር። "አንቀጹ መጥቶ ያጥበዋል?" አለችኝ።

ሌላው የሚያስፈራኝ ሂሳቡ ነው። ማሙሽ በተወለደ ሰሞን ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው አሜሪካ እንኳ አማካይ ዕድሜው 25 ገደማ ነበር። ዛሬ 60 አካባቢ ደርሷል። ደስ ይላል፣ በጣም ደስ ይላል። ግን እናቶቹም አብረው እያረጁ ነው። እማዬ 72 ናት። ሃያ አንደኛው ክሮሞዞም ትርፍ ስለሆነ ደግሞ የመርሳት በሽታው ከሌላው ሰው ቀድሞ ሊመጣባቸው ይችላል። ማን ማንን ቀድሞ እንደሚረሳ… አይ፣ ተውት። በዚህ በኩል ስገባ አልወጣም።

ትናንት ሄጄ ነበር። በሩ ጋ የማሙሽ ጫማ አለ፣ የእኔ አለ፣ የእማዬ የለም። "የት አደረግሽው?" አልኳት። ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ባለፈው ማክሰኞ፣ ልጁ በሚመጣበት ሰዓት፣ ማሙሽ አምጥቶ እግሯ ስር አስቀምጦላታል። ልጁ ግን አልመጣም። መልሳ በሩ ጋ ስታደርገው፣ ደግሞ ያመጣዋል። ሦስቴ። ከዚያ ደበቀችው።

ወደ ኩሽና ስትገባ ጠብቄ ጠየቅኩት። "ማሙሽ፣ ያ ልጅ ይምጣ?"

ምንም አላለም። ሬዲዮውን ያዳምጣል። "ማሙሽ፣ ይምጣ ወይ?" ምንም። አልፈለገም ማለት ነው ብዬ፣ እንደውም ቀለል አለኝ መሰለኝ፣ ትንሽ ቆይቼ ቦርሳዬን አነሳሁ። ጫማዬን እንኳ አላመጣልኝም።

ደረጃው ላይ ነው የመጣልኝ። በየት በኩል ነበር የቆምኩት? ሬዲዮው በቀኙ ነው የሚሆነው፣ አይደል? እንግዲያ እኔ… ወይስ ዞሬ ነበር? ወንበሩ ጋ ስደርስ በመስኮቱ በኩል…

አላስታውስም።